ቀበቶው ሸጋ፣ አሰካኩ ጉድ፦ የስኩባ ሲሊንደር ማሰሪያ ከሰባት ወር በኋላ

«ተገጥሞ ነው የመጣው፣ አትነካካው።» ይህን የሲሊንደር ማሰሪያ ቀበቶ የሸጠልኝ ሰው ሲያስረክበኝ ያለው ይህንኑ ብቻ ነበር። ሰባት ወር ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለ ዕቃው የምጽፈው ሁሉ ዞሮ ዞሮ የዚያች «አትነካካው» ጣጣ ነው። ቀበቶው ራሱ እንከን አይወጣለትም፤ ናይለኑ ወፍራም፣ ስፌቱ ድርብ። ሲመጣ ግን ዘለበቱ ላይ ካሉት ሦስት ማሾለኪያ ቀዳዳዎች በሁለቱ ብቻ ነበር የተሰካው። ሦስተኛው ባዶውን ቀርቷል። ሲሊንደሩ እንዳይንሸራተት የሚይዘው የላስቲክ ንጣፍ ደግሞ ተገልብጦ ገብቷል፤ ሸካራው ፊት ወደ ውጭ፣ ልሙጡ ወደ ሲሊንደሩ። እንዲህ ሆኖ በደረቁ ቢወዘውዙት ንቅንቅ አይልም። ውሃ ሲገባ ግን ሲሊንደሩ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል።

ነገሩ ለማያውቀው ሰው ባጭሩ፦ ስኩባ ጠላቂ የሚተነፍሰውን አየር የያዘው ሲሊንደር ጀርባው ላይ የሚቆመው ከመንሳፈፊያ ጃኬቱ ጋር ታስሮ ነው። ብሎን የለም፣ ብየዳ የለም። ያለው አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የናይለን ቀበቶና አንድ ዘለበት ነው፤ አንዳንዱ ጃኬት ሁለት ቀበቶ አለው፣ የእኔ አንድ። በብዛት የሚገኘው የአሉሚኒየም ሲሊንደር 11.1 ሊትር ይይዛል፣ እስከ 207 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ይሞላል፣ ሞልቶ ከነቫልቩ ወደ 18 ኪሎ ይጠጋል። ከዚያ ውስጥ አየሩ ብቻውን ሁለት ኪሎ ተኩል ያልፋል። አዎ፣ አየር ይመዝናል። ይህን ሁሉ የሚይዘው የአንድ ጨርቅ ጠፍርና የጥቂት ቀዳዳዎች ጉዳይ ነው እንግዲህ።

የምጠቀምበት ሐይቅ ላይ ነው፤ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ያው የምታውቁት ሐይቅ። «እዚያ ደግሞ ማን ይጠልቃል?» የሚል አይጠፋም። ተቀድዶ ታች የቀረ መረብ የሚያወጣ፣ የተበጠሰ የጀልባ መልሕቅ የሚፈልግ ይጠልቃል። የሐይቁ መሃል ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል ይባልለታል፣ እውነትም ነው፤ ይህ ሥራ ግን ያለው ዳር ዳሩን፣ መረቡ በሚጣልበት ነው። መረብ ባለበት ቦታ ደግሞ ክፍት የቀረ የዘለበት ክንፍ ምን ማለት እንደሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሰካኩ ይህ ነው። የዘለበቱን ክንፍ፣ ማለት የሚታጠፈውን ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ ክፈቱትና ቀዳዳዎቹን ከማጠፊያው ጀምራችሁ ቁጠሩ። አንደኛው ማጠፊያው አጠገብ ነው፣ ሁለተኛው መሃል፣ ሦስተኛው ክንፉ ጫፍ ላይ። የቀበቶው ጫፍ ሲሊንደሩን ዞሮ ሲመጣ በአንደኛው ቀዳዳ ከሲሊንደሩ በኩል ወደ ውጭ ይወጣል። ታጥፎ በሁለተኛው ከውጭ ወደ ሲሊንደሩ በኩል ይመለሳል። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ ልቅነቱን በሙሉ ሳቡት፤ ቀበቶው በሲሊንደሩ ዙሪያ የትም ቦታ ጣት የሚያስገባ ክፍተት እስከማይኖረው ድረስ። ከዚያ ጫፉ በሦስተኛው ቀዳዳ እንደገና ወደ ውጭ ይወጣል። ክንፉ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ጫፉን አንዴ ጠበቅ አድርጎ መሳብ፣ ከዚያ ክንፉን በመዳፍ መግፋት፣ ሲዘጋ «ቋ» ይላል። የተረፈው ጫፍ በቬልክሮው ይለጠፋል። በቃ።

ይህ ባለ ሦስት ቀዳዳው ፕላስቲክ ዘለበት ነው። አራትና አምስት ቀዳዳ ያለው አለ፣ የብረቱም መንገዱ ሌላ ነው። ብዙዎቹ ክንፉ ላይ ሥዕል ወይም ቁጥር ተቀርጾባቸዋል፤ ያ ካለ እሱን መከተል ነው እንጂ የእኔን መንገድ በሌላ ዘለበት ላይ አትሞክሩ። የእኔው ሥዕል የለውም። ወረቀትም አልነበረውም። «ተገጥሞ የመጣ» ዕቃ ወረቀት ምን ይሠራለታል!

ሦስተኛው ቀዳዳ ለምን ያን ያህል ያስፈልጋል? ሁለት ሥራ ስላለው ነው። አንደኛው ሰበቃ ነው። ቀበቶው በታጠፈ ቁጥር ከፕላስቲኩ ጋር ይፋተጋል፣ እያንዳንዱ መታጠፊያ ደግሞ የቀደመውን ይዞታ ያበዛዋል እንጂ ጥቂት ጨምሮበት አያልፍም። በሬ ግንድ ላይ ያሰረ ሰው ያውቀዋል፤ ገመዱን አንድ ዙር ያዞረና ሦስት ዙር ያዞረ ሰው በሬው ሲስብ እኩል አይታገሉም። ሁለት መታጠፊያ ለደረቅ ናይለን ይበቃው ይሆናል። ናይለን ሲረጥብና የሐይቁ አረንጓዴ ልጋግ ሲይዘው ግን ይንሸራተታል፣ ያን ጊዜ የሚያድነው ሦስተኛው መታጠፊያ ነው። ሁለተኛው ሥራው የክንፉን ጫፍ ከቀበቶው ጋር ማሰር ነው። ክንፉ በአንዳች ነገር ተጎትቶ ቢከፈት እንኳ ቀበቶው በጫፉ ቀዳዳ ውስጥ ስላለ ወዲያው ተመዞ አይወጣም፤ ልቅ ይላል እንጂ አይፈታም። ሦስተኛው ባዶ ከሆነ ግን የክንፉ ጫፍ እንደ መንጠቆ ቆሞ ይቀራል። መረብ ደግሞ መንጠቆ ይወዳል።

እዚህ ላይ ሻጩ የሚለውን አውቀዋለሁ። «ጠበቅ አድርገህ አላሰርከውም ይሆናል እንጂ።» ይሁን፣ እሺ። ይህን ክርክር ለመዝጋት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ ሁለት ምልክት። አንዱ ቀበቶው ላይ፣ ከአንደኛው ቀዳዳ አፍ ጋር እኩል፣ በነጭ ቀለም የሚሰመር መስመር ነው። ሌላው ሲሊንደሩ ላይ፣ ከቀበቶው የታችኛው ጠርዝ ጋር እኩል የሚለጠፍ ቁራጭ ፕላስተር ነው። ነጩ መስመር ከቀዳዳው ከራቀ ቀበቶው በዘለበቱ ውስጥ እየሾለከ ነው፤ ጥፋቱ የአሰካኩ ነው። ነጩ መስመር ባለበት ሆኖ ፕላስተሩ ከቀበቶው ከራቀ ደግሞ ዘለበቱ አልለቀቀም፤ ቀበቶው ሲረጥብ ረዝሟል፣ ወይም ከሥሩ ያለው ንጣፍ አይዝም።

ሻጩ እንደሰካው፣ በሁለት ቀዳዳ፣ አንድ ጊዜ ውሃ ውስጥ ቆይቶ ሲወጣ ሁለቱም ምልክቶች ተነቃንቀዋል፤ ነጩ መስመር ከቀዳዳው የአውራ ጣት ስፋት ርቋል። በሦስት ቀዳዳ፣ ነገር ግን ቀበቶው በደረቁ ሲታሰር፣ ነጩ መስመር ካለበት ፈቀቅ አላለም። ፕላስተሩ ግን ትንሽ ርቋል። በሦስት ቀዳዳ፣ ቀበቶው ረጥቦ ሲታሰርና የንጣፉ ሸካራ ፊት ወደ ሲሊንደሩ ሲዞር፣ ሁለቱም ባሉበት ናቸው። እንግዲህ ወንድሜ፣ የማጥበቅ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ነጩ መስመር የመጀመሪያውን ቀን ምን ብሎ ሄደ?

ስለ ማርጠብ። ናይለን ውሃ ይጠጣል፣ ሲጠጣም ይለሰልስና ይረዝማል። በደረቁ ጥብቅ ብሎ የታሰረ ቀበቶ ውሃ ውስጥ ከገባ ከደቂቃዎች በኋላ የላላ ቀበቶ ነው። ስለዚህ ከማሰር በፊት ቀበቶውን ባልዲ ውስጥ ሁለት ሦስት ደቂቃ መንከር ግዴታ ነው፤ ላዩን ረጨት ማድረግ አይበቃም፣ በተለይ አዲስ ቀበቶ ውሃ ቶሎ አይገባውም። ፖሊስተር ቀበቶ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም፣ እሱ ግን ልሙጥ ነው። የወሎ ጫኝ ይህን ከማንም አይማርም። የጠፍር መጫኛ በዝናብ ሲረጥብ እንደሚለቅ ያውቃል፣ በቅሎው ጥቂት ከተራመደ በኋላ አቁሞ ጭነቱን እንደገና ያጠብቃል፣ ቁልቁለት ከመግባቱ በፊት ደግሞ አንዴ ይፈትሻል። ሲሊንደርም እንደዚያው ነው። ታስሮ፣ ረጥቦ፣ ሌላው ዕቃ እስኪዘጋጅ አምስት ደቂቃ ቆይቶ፣ ከዚያ ክንፉ ተከፍቶ አንዴ ተስቦ እንደገና ይዘጋል። በዚህች ሁለተኛ ስበት ጊዜ ሁልጊዜ ትንሽ ትመጣለች።

ምን ያህል ይጥበቅ? ክንፉ በሁለት ጣት ከተዘጋ ላልቷል። ጉልበት አስደግፎ፣ ጥርስ ነክሶ የሚዘጋ ከሆነ ደግሞ በዝቷል፤ ፕላስቲኩ ከማጠፊያው ሥር ነጭ ጭረት ያወጣል፣ ያ ጭረት አንድ ቀን መሰንጠቂያ ይሆናል። ልኩ በአንድ መዳፍ ሥር ተገፍቶ፣ መሃል ላይ ሲደርስ እምቢ ብሎ፣ መሃሉን ሲያልፍ በራሱ ተስቦ የሚዘጋው ነው። ያ «በራሱ ተስቦ» የሚለው ቁም ነገር አለው። ክንፉ መሃሉን ካለፈ በኋላ የቀበቶው ውጥረት ራሱ ክንፉን ወደ መዘጋት ይስበዋል። ስለዚህ የላላ ቀበቶ ሲሊንደሩን አለመያዙ ሳያንስ ክንፉንም ዘግቶ አይዝም።

የላስቲክ ንጣፉ በዚህ ግምገማ ውስጥ ይቅር የማልለው ክፍል ነው። ቀበቶው በሁለት ሽንቁር ውስጥ ያልፍበታል፣ ከዘለበቱ ተቃራኒ በኩል በቀበቶውና በሲሊንደሩ መካከል ይቀመጣል፣ ሸካራው ፊት ወደ ብረቱ። የሚገለበጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሸካራው ፊት ያምራል፣ ጽሑፍና ጌጥ አለው፣ ሱቅ ውስጥ ለገዢ የሚታየው እሱ እንዲሆን ይፈለጋል። ለዓይን የተገጠመ እንጂ ለውሃ የተገጠመ አይደለም። ለማስተካከል ቀበቶውን ከዘለበቱ፣ ከዚያም ከጃኬቱ ጀርባ ማሳለፊያ በሙሉ ማውጣት ያስፈልጋል፣ ሲመለስ ደግሞ እንዳይጠመዘዝ በእጅ እየዳሰሱ መሄድ ነው። ከጀርባው ሰሌዳ ኋላ አንዲት ግማሽ ዙር ጥምዝ ካለች ቀበቶው በጠርዙ ብቻ ይቆማል፣ ከአምስት ሴንቲ ሜትሩ የሚሠራው ግማሹ አይሞላም። ከውጭ አይታይም። በጣት ብቻ ነው የሚገኘው።

ደግሞ ንጣፉ ጥራቱም አያኮራም። በአምስተኛው ወር ጠርዙ መሰነጣጠቅ ጀምሯል። ደጋ ፀሐይ ላስቲክ ይበላል፤ ዕቃውን ከሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ አስጥቶ የሚተው ሰው ናይለኑንም ያስበላል። ማድረቅ በጥላ ነው።

ሻጩ «ለሁሉም ሲሊንደር ይሆናል» ይላል። ይሆናል፣ ግን ለየብቻ እየተስተካከለ ነው። የአሉሚኒየሙ 184 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፣ ዙሪያው 57.8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ቀጠን ያለው ባለ 12 ሊትር የብረት ሲሊንደር 171 ሚሊ ሜትር ነው፣ ዙሪያው 53.7። አጭሩና ወፍራሙ ባለ 12 ሊትር ደግሞ 203 ሚሊ ሜትር፣ ዙሪያው ወደ 64። በቀጭኑና በወፍራሙ መካከል አሥር ሴንቲ ሜትር ልዩነት አለ። ለአንዱ ተስተካክሎ የተተወ ቀበቶ ለሌላው ወይ አይዞርም፣ ወይ ክንፉ ምንም ሳይታገል ይዘጋል። ሲሊንደር በተቀየረ ቁጥር ንጣፉም መቀመጫው ስለሚፈናቀል ከዘለበቱ ተቃራኒ መሆኑን ማየት ነው። ዘለበቱም ከጃኬቱ ጀርባ ሰሌዳ ጠርዝ ጋር እንዳይገናኝ። ሰሌዳውን ከነካ ክንፉ የተዘጋ ይመስላል እንጂ የሚጨምረው ውጥረት የለም፤ ሰሌዳውን ነው የሚገፋው። በቀጭን ሲሊንደር ይህ ቶሎ ይመጣል።

ሲሊንደር ላይ የሚለበስ የፕላስቲክ መረብ ያላችሁ፣ ከቀበቶው ሥር አታስገቡት። ቀበቶው መረቡን ጨምድዶ ይይዛል፣ ሲሊንደሩ ደግሞ በመረቡ ውስጥ ይንሸራተታል። የሚላጥ ቀለምና ትልልቅ ተለጣፊ ወረቀትም እንደዚያው።

የሚታሰርበት ከፍታ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ነው። ቀበቶው የሚያርፈው ቀጥ ባለው የሲሊንደሩ አካል ላይ ነው፤ ወደ አንገቱ መጥበብ የሚጀምርበት ትከሻ ላይ ካረፈ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ወደ ላይ ሾልኮ ይላላል። የቫልቩ አፍ ወደ ጠላቂው ጀርባ ይዞራል፣ የጃኬቱ አንገት ከቫልቩ ሥር ጋር ይስተካከላል። ከፍ ካለ ጭንቅላት ቀና ሲል ከቫልቩ ጋር ይጋጫል፤ ዝቅ ካለ የሬጉሌተሩ፣ ማለት አየሩን ከሲሊንደሩ ወደ አፍ የሚያደርሰው መተንፈሻ፣ ቱቦ ያጥራል። ከላይ ያለችው ቀጭን የቫልቭ ማሰሪያ ካለች አንገቱ ላይ ትግባ፣ ቁመቱን ለመለካትም ትረዳለች። እሷን ግን አትመኑባት፤ ሲሊንደሩን የመያዝ ሥራ የእሷ አይደለም።

ፈተናው ይህ ነው፦ ጃኬቱን በላይኛው መያዣ አንስቶ፣ ሲሊንደሩ ከመሬት አንድ ስንዝር እንዳለ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች መወዝወዝ። ከዚያ ጃኬቱን በእግር ይዞ ሲሊንደሩን በቫልቩ ግራና ቀኝ ለማዞር መሞከር። ፕላስተሩ ከቀበቶው ከራቀ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንደገና ነው። «ምንም አይል፣ ውሃ ውስጥ ይቀልላል» የሚል አለ። መቅለሉ እውነት ነው። ግን የአሉሚኒየም ሲሊንደር አየሩ እያለቀ ሲሄድ ከመክበድ ወደ መንሳፈፍ ይዞራል፣ መጨረሻ ላይ ቂጡ ወደ ላይ መነሳት ይጀምራል። ስለዚህ የላላ ቀበቶ ሲገባ ወደ ታች፣ ሲወጣ ወደ ላይ ይሾልካል። ዘልሎ መግባትም አለ፤ ያን ጊዜ ሙሉ ክብደቱ በአንድ ምት ቀበቶው ላይ ያርፋል።

ከሾለከስ? መጀመሪያ የሚታወቀው በአፍ ነው፤ ቱቦው ይወጠርና አፍ መያዣው ወደ ጎን ይጎትታል። ሲሊንደሩ ጭን መምታት ከጀመረ ብዙ ወርዷል። ጓደኛ ካለ ጠላቂው ሆዱን ወደ መሬት አድርጎ ዝም ብሎ ይቆማል፣ ጓደኛው ክንፉን ከፍቶ ሲሊንደሩን በቫልቩ ይዞ ወደ ቦታው ያነሳዋል፣ ጫፉን ስቦ ይዘጋል፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ውስጥ መሆኑን በጣቱ ይዳስሳል። ብቻውን ያለ ሰው ጃኬቱን ማውለቅ ይኖርበታል፣ ሬጉሌተሩ ከአፍ ሳይወጣ። እዚህ ላይ ለመስጠም የሚያዘው የእርሳስ ክብደት የት እንዳለ ማወቅ የግድ ነው፤ እርሳሱ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከሆነ ጃኬቱ ሲወልቅ ወደ ታች፣ ሰውየው ወደ ላይ ይሄዳሉ። አንድ እጅ ከጃኬቱ አይለይም። በእኔ በኩል ለሦስተኛ ቀዳዳ ሲባል ወደዚህ ሁሉ መግባት አይዋጥልኝም።

አሁን ደግሞ ሌላው ሻጭ ይመጣል። «ፕላስቲኩን ጣለው፣ የብረቱን ግዛ።» የማይዝገው ብረት ዘለበት ጠንካራ ነው፣ አልክድም። ነጭ ጭረት አያወጣም፣ ክንፉ አይሰበርም፣ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው የሰለቻቸው። ግን የብረቱም ቢሆን በተሳሳተ ቀዳዳ ከተሰካ ያው ይሾልካል፤ እንዲያውም ክንፉ በቀላሉ ስለሚዘጋ ልቅነቱ አይታወቅም። ችግሩ የፕላስቲኩ ቢሆን እገዛ ነበር። ሰባት ወር ሙሉ አንድ ጭረት ያላወጣን ዘለበት፣ ሻጭ ለተሳሳተው አሰካክ ብዬ አልጥልም። ይህ ግትርነት ነው ካላችሁ ይሁን።

ሻጩ «ለመኪናም ይሆናል» ብሏል፤ አይሆንም። ሲሊንደርን መኪና ላይ አጋድሞ፣ ግራና ቀኙን በሽብልቅ ይዞ፣ በገመድ ማሰር እንጂ የጃኬቱን ቀበቶ በፒክአፕ ብረት ላይ እያፋተጉ ማሰር ናይለኑን ከጠርዙ ያበጣጥሰዋል። ጠርዙ የተበጣጠሰ ቀበቶ ቀዳዳ ውስጥ ይሰነቀራል። ስለ መኪና ከተነሳ ደግሞ፣ ሐይቁ ያለው 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ ደሴ 2500 ገደማ። ከውሃ ወጥቶ ዕቃ ጭኖ ወዲያው ወደ ደሴ መውጣት ለሰውነት አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው፤ ውሃ ውስጥ ሳሉ ሰውነት የጠጣው ጋዝ የአየር ግፊት ሲቀንስ አረፋ ሆኖ ይጎዳል። ከአንድ ቀላል መጥለቅ በኋላ ከበረራ በፊት እንዲቆዩ የሚመከረው ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ 18 ነው፤ ሐይቅ ከተማ ማደር ሽንፈት አይደለም። በየጥልቀቱ ስንት ደቂቃ መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው የመጥለቂያ ሠንጠረዥም ለከፍታ የተዘጋጀው ይሁን፤ በባሕር ጠለል የተሠራው እዚህ አይሠራም፣ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው።

ቀበቶው ሲያረጅ ጨርቁን ብቻ መቀየር ይቻላል። የመኪና ወንበር ቀበቶ የሚያቀርብላችሁ አይጠፋም፤ አትቀበሉ። ጠበብ ያለ ነው፣ ስስ ነው፣ ልሙጥ ፖሊስተር ነው፣ በዘለበቱ ውስጥ እንደ ሐር ይሄዳል። የሚፈለገው ሙሉ 50 ሚሊ ሜትር፣ ጥብቅ ሽመና ያለው ናይለን ነው። የሚሰፋው ድንኳንና ሻንጣ በሚሰፋ ወፍራም መኪና ነው፣ በናይለን ክር፤ የጥጥ ክር ውሃ ውስጥ ይበሰብሳል። ስፌቱ ሳጥን ሆኖ መሃሉ ላይ መስቀል ይደረግበታል። ጫፉ ሰያፍ ተቆርጦ በላይተር ይተኮስ፣ ግን ሲቀልጥ እብጠት እንዳያበጅ ገና ትኩስ ሳለ በቢላ ጀርባ ይደፍጠጥ። እብጠት ያለው ጫፍ በሦስተኛው ቀዳዳ አያልፍም፣ በዚህ ምክንያት ብቻ ሦስተኛውን የሚዘሉ አሉ።

የቀረው ደህና ነው። ስፌቱ አልተፈታም፣ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ቬልክሮው ቆሻሻ ይዟል ግን ይለጠፋል። ዋጋውን አልጽፍም፣ ምንዛሬው ሲለዋወጥ ነገ ውሸታም ያደርገኛል።

ተጸጽቻለሁ ወይ? በቀበቶው አልተጸጸትኩም። በሻጩ አዎ፣ በንጣፉም አዎ። ብትገዙ ሱቁ ውስጥ፣ ሻጩ ፊት፣ ሙሉ በሙሉ ፈታታችሁ እንደገና ስኩት፤ «አትነካካው» ቢል ዘለበቱ ላይ ቁጠሩለት። የእኔ ክንፍ ላይ አሁን በነጭ ቀለም 1፣ 2፣ 3 ተጽፏል። ፕላስተሩም ካለፈው ወር ጀምሮ ከቀበቶው ጠርዝ አልተለየም። አዲሱን ንጣፍ አዝዣለሁ፤ ሲመጣ የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደሚሆን አስቀድሜ አውቃለሁ።